አዴ ከዲጃ ያስያዙኝ ቁስል

ይህ ነገር ከደረሰብኝ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። በሰሜን በኩል ጦርነቱ የበረታበት፣ ለቁስለኛና ለተፈናቃይ የሚሆን እርዳታ ከየቤቱ የሚሰበሰብበት ወቅት ነበር። ከዚያ ቀን ታሪክ ውስጥ ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ክፍል ስለነበረ ከአእምሮዬ ሊወጣልኝ አልቻለም። ዛሬ ለመጻፍ የደፈርኩት ያንን ክፍል ከሰው ሁሉ በፊት መስማት የነበረባት ሴት ስለሰማችው ነው።

እኔ ነርስ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ቢሆንም ተመድቤ ጎባ ከመጣሁ አስራ አምስት ዓመት አልፎኛል። ኦሮምኛዬ ዛሬም ይኮላተፋል፤ ሰው ግን ስቆብኝ አያውቅም። በሥራ ቦታም በሰፈርም የምጠራው «ሲስተር» እየተባልኩ ነው።

አዴ ከዲጃን ያወቅኳቸው እዚያው በሥራ ቦታዬ ነው። «አዴ» የምንላቸው ለአክብሮት ነው፤ በአማርኛ «ወይዘሮ» እንደማለት። አርብ አርብ ጠያቂ ለሌላቸው ሕመምተኞች አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው ይመጣሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው የጎረነነ፣ ስድሳን የተሻገሩ ሴት ናቸው። አልጋ ላይ የተኛውን ሰው ከየት እንደመጣ፣ ሃይማኖቱ ምን እንደሆነ ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። የሚጠይቁት መቼ እንደበላ ብቻ ነው።

ስለ እሳቸው ጎባ ውስጥ የሚወራው ብዙ ነው። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ገና የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ሆነው ወለል ላይ ለተኙ ቁስለኞች ውኃ ያመላልሱ ነበር። ሐኪም የቆረጠውን እጅና እግር በጨርቅ እየጠቀለሉ የሚቀብሩትም እሳቸው እንደነበሩ አሮጊቶች ይናገራሉ። በድርቅ ጊዜ ከቆላ የወጡ ልጆችን ቤታቸው አስገብተው አስታመዋል፤ የዳነው ድኖ የሞተውን አጥበው ገንዘዋል። በድንበሩ ጦርነት ደግሞ የሰፈሩን ሴቶች አሰልፈው ገብስ እያስቆሉ፣ እያስፈጩ፣ በቅቤ እያሳሹ ጩኮ በየላስቲኩ ቋጥረው ወደ ግንባር ልከዋል። ገበያ ውስጥ የነበራቸው የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በዚህ ሁሉ መሃል መደርደሪያው ብቻ ቀረ።

ይህን ስል ግን ለስላሳ ሴት እንዳይመስሏችሁ። ምላሳቸው ስለት ነው። አንድ የሮቤ ነጋዴ ብብቱ የተቀደደ ካፖርት ለእርዳታ ሰጣቸውና በማግስቱ ሱቁ ድረስ ተመልሰው ሄዱ። ደንበኛ በተሰበሰበበት ካፖርቱን ዘርግተው፣ «እስቲ መጀመሪያ አንተ ልበሰው፤ ካማረብህ እልከዋለሁ» አሉት። ሰውየው ሦስት አዲስ ብርድ ልብስ አወጣ። ሲሰበስቡ አይለምኑም። የሰው ደጃፍ ላይ በርጩማቸውን አስቀምጠው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ምን እንደፈለጉ ሲጠየቁ፣ «አንተ የምታውቀውን» ይላሉ።

በዚያ ዓመት ትርፍ ሰዓቴን ከእሳቸው ጋር ማሳለፍ ጀመርኩ። ልብስ እናጥባለን፣ እንለያለን፣ እህል በጆንያ እንሰፋለን። ከጎባ፣ ከሮቤ፣ ከአጋርፋና ከጊኒር ሰው እንደ አቅሙ ሰጠ። የቀረን ደሎ መና ነበር። የደሎ መና ሰዎች ቡናና ማር አዘጋጅተናል፣ መጥታችሁ ውሰዱ ብለው ላኩብን።

መኪናውን ያገኘነው ከሁሴን ነው። ሁሴን የሮቤ ልጅ ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። የራሱ አይሱዙ ነበረው። ለነዳጁ እንጂ ለድካሙ ምንም አልጠየቀም። ወሬ ይወዳል፤ መንገድ ሙሉ ስለሚሠራው ቤት፣ ስለ ሁለት ሴት ልጆቹ፣ ስለ ሚስቱ ስለ ዘሀራ አጨዋወተን። ዘሀራ ስትቆጣ የምትናገረውን ድምጿን እያስመሰለ ሲነግረን አዴ ከዲጃ እንኳን ሳቁ።

ሐሙስ ዕለት ወጥተን፣ የሳነቴን ብርድ አልፈን፣ የሐረናን ጫካ ወርደን ደሎ መና ደረስን። የቆላው ሙቀት ሲጀምር ሁሴን ጃኬቱን አውልቆ ከመቀመጫው ጀርባ ሰቀለው። የጫነው ሰው ብዛት ያስገርም ነበር። ማር በጀሪካን፣ ቡና በከረጢት፣ በቆሎ በጆንያ። አንድ ሽማግሌ የለበሱትን ቡልኮ ከትከሻቸው አውርደው ጭነቱ ላይ ጣሉና፣ ስማቸውን ሳይነግሩን ሄዱ። እዚያው አድረን አርብ ጠዋት ለመመለስ ተነሳን።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ጫካው ውስጥ ነበርን። ዛፎቹ ከላይ ገጥመው መንገዱ ጨለምለም ያለበት፣ አቀበቱ የሚጀምርበት ቦታ ነው። አንድ መታጠፊያ ላይ ግንድ ተጋድሟል። ስንሄድ አልነበረም። ሁሴን ፍሬን ያዘና፣ «ያ ረቢ» አለ በቀስታ።

ሦስት ሰዎች ከግራና ከቀኝ ወጡ። ፊታቸውን በሻርፕ ሸፍነዋል። ሁለቱ መሣሪያ ይዘዋል፣ አንዱ ገጀራ። ማን እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡ ያኔ አላወቅንም። በሩን ከፍተው በፀጉሬ ጎትተው አወረዱኝ። አዴ ከዲጃን በክንዳቸው ስበው ጣሏቸው፤ ጉልበታቸው ጠጠሩ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ተሰማኝ።

«ብሩን አምጪ» አላቸው ክላሽ የያዘው።

«ብር የለም» አሉ አዴ ከዲጃ። «ማርና በቆሎ ነው። ከፈለግክ ውጣና እይ።»

«ለጦርነቱ ብር ሰብስበሻል። አገር ሁሉ ያውቃል።»

«አገር ብር ካወቀ እኔ አላየሁም። ሰው የሰጠው ያለውን ነው።»

በሰደፍ ፊታቸውን መታቸው። አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስቴ። መጀመሪያ አፋቸውን፣ ከዚያ ጉንጫቸውን፣ ወድቀው ደግሞ ትከሻቸውን። ጥርሳቸውን ከደም ጋር ተፍተውት መሬት ላይ አየሁት። ባለ ገጀራው ጭነቱ ላይ ወጥቶ ጆንያ ይቀድ ጀመር። በቆሎው መንገድ ላይ ይፈሳል። ብር ሲያጣ ይብስ ተናደደ፤ ወርዶ የአዴ ከዲጃን ሻሽ ጨምድዶ ይዞ ገጀራውን አንገታቸው ላይ አደረገ።

ሁሴን እስከዚያች ደቂቃ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሞ ነበር። እንዴት እንደዞረ አላየሁም። ከመቀመጫው ሥር የክሪክ ብረት ስቦ አውጥቶ ባለ ገጀራውን በብረቱ ክንዱን መታው። አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። ገጀራው ወደቀ። ባለ ክላሹ ወደ ሁሴን ተኮሰ። ሁሴን ሆዱን ይዞ ቁጢጥ አለ፤ እንደገና ሊነሳ ሞከረ። ሰውየው ደንግጦ ነው መሰለኝ ደጋግሞ ተኮሰ። ከጥይቶቹ አንዱ የማር ጀሪካን መታ። አንዱ ደግሞ የራሱን ጓደኛ፣ ባለ ገጀራውን፣ ጭኑ ላይ አገኘው።

ወዲያው ከታች በኩል የመኪና ድምፅ መጣ። ባለ መሣሪያዎቹ ተያዩ። የወደቀው ጓደኛቸው እጁን ዘረጋላቸው። ሮጠው ጫካ ገቡ፤ ዞር ብለውም አላዩት።

እኔ ወደ ሁሴን ሮጥኩ። ሸሚዙን ቀድጄ አየሁ። ከእምብርቱ በላይ ትንሽ ቀዳዳ ናት። ደም ብዙ አልወጣም፤ ያ ነው ያስፈራኝ፤ የሚፈሰው ወደ ውስጥ ነበር። ነጠላዬን አጥፌ ቁስሉ ላይ አድርጌ በአዴ ከዲጃ መቀነት አጥብቄ አሰርኩት። ከዚያ በላይ በእጄ ላደርግለት የምችለው ነገር አልነበረም። የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና ነው፤ እሱ ደግሞ ጎባ ነው ያለው።

ከኋላዬ ያ ሰው ይጮሃል። ዞሬ አየሁት። ሻርፑ ከፊቱ ወርዷል። ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ጢሙን በደንብ ያሳደገ ጎልማሳ። ከጭኑ ላይ፣ ከብሽሽቱ ዝቅ ብሎ፣ ደሙ በልቡ ምት ልክ ፍንጥቅ ፍንጥቅ ይላል። እንዲህ የሚፈስ ደም ያለበት ሰው ካልተያዘ ምን ያህል እንደሚቆይ አውቃለሁ።

አዴ ከዲጃ በደም በተሞላ አፋቸው፣ «ሲስተር፣ ያ ልጅ እየፈሰሰ ነው» አሉኝ።

«ይፍሰስ» አልኳቸው።

«ሁሴንን እኔ ይዤዋለሁ። አንቺ ደግሞ የምትችይውን ያዢ።»

«ይሄ ነው ሁሴንን ያስመታው! ገጀራ አንገትዎ ላይ ያደረገው እኮ እሱ ነው!»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «አንገቴ ነው። ሂጂ።»

ተነስቼ ሄድኩ። አዴ ከዲጃ ፊታቸውን ወደ ሁሴን መልሰው ነበር። ሰውየው ሲያየኝ ላክመው የመጣሁ መስሎት «እህቴ» አለኝ። ቀጥሎ ያደረግኩት ነው እስከ ቅርብ ጊዜ ለማንም ያልተናገርኩት። ጫማዬን ቁስሉ ላይ አሳረፍኩ። ከዚያም በሙሉ ክብደቴ ረገጥኩት፣ አዞርኩት። ደም ለማቆም አይደለም። እንዲያመው ነው። እንደዚያ ሲጮህ የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር። እውነቱን ለመናገር ጩኸቱ ደስ አለኝ።

«ምን ሆነ?» አሉ አዴ ከዲጃ ከወዲያ።

«ቁስሉን ነካሁት» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። አንድ ዓይናቸው በእብጠት ተዘግቷል። በሌላው ዓይናቸው ያዩኝ ቢበዛ ለሁለት ትንፋሽ ያህል ነው። ተንበረከክኩ። ሁለት ቡጢዬን አንዱን በአንዱ ላይ ደርቤ ብሽሽቱ ላይ ተጫንኩ። ደሙ ቆመ። እጄን ሳላነሳ ጎባ ድረስ እንደምሄድ ያኔ አላወቅኩም።

ከታች የመጣው መኪና ደረሰ። የቡና ጭነት ነው፤ ጭነቱ ላይ አስር የሚሆኑ ወንዶች ተሳፍረዋል። ወርደው ሁሴንን አዩት፤ ብዙዎቹ ያውቁታል። አዴ ከዲጃንማ የማያውቅ የለም። የፊታቸውን ሁኔታ፣ መሬት ላይ የተተፋውን ጥርስ ሲያዩ ነገሩን የጠየቀ አልነበረም። አንዱ ድንጋይ አነሳ። ከዚያ ሁሉም አነሱ።

«ሲስተር፣ ተነሺ ከዚያ» አለኝ አንዱ። «አንቺን እንዳናገኝሽ።»

መነሳት እችል ነበር። እጄን ባነሳ እነሱም ድንጋይ መወርወር አያስፈልጋቸውም ነበር። ሳልነሳ ቀረሁ፤ ግን ከደግነት እንዳይመስላችሁ። ሰውነቴ ደርቆ ነው።

የመጀመሪያው ድንጋይ የሰውየውን ደረት መታ። ሁለተኛው እኔን ከጆሮዬ በላይ አገኘኝ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። ዓይኔ ላይ ደም ሲወርድ አዴ ከዲጃ እያነከሱ መጥተው ከፊት ለፊታችን ሲቆሙ አየኋቸው።

በባሌ ሲንቄ የሚባል ነገር አለ። ያገባች ሴት የምትይዘው ቀጭን በትር ነው። ሴት እሱን ይዛ በሚጣሉ ሰዎች መሃል ከቆመች አልፏት የሚማታ ነውረኛ ይባላል። አዴ ከዲጃ ባዶ እጃቸውን ነበሩ።

በኦሮምኛ ነው የተናገሩት። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ሲንቄዬ ጎባ ነው ያለው፤ እኔ ግን እዚህ ነኝ። የምትመቱ ከሆነ ከእኔ ጀምሩ፤ እነዚያ ጀምረውልኛል።»

አንድ ድንጋይ ተወርውሮ ክንዳቸውን መታ። የወረወረው ሰው ራሱ የደነገጠ ይመስላል። ከመሃላቸው በዕድሜ የሚበልጡት ሰውዬ የያዙትን ድንጋይ ጣሉና በከዘራቸው የወረወረውን ሰው እግር መቱት። «እናትህን ነው?» አሉት። ሌሎቹም አንድ በአንድ ጣሉ። ሁለቱ አልጣሉም፤ ድንጋያቸውን እንደያዙ ዳር ላይ ቆመው ያዩ ነበር።

ግንዱን አነሱልን። የቡናው መኪና ሹፌር የራሱን መኪና ለረዳቱ ትቶ የሁሴንን አይሱዙ ይዞ ወጣ። ሁሴንንና ያንን ሰው ጎን ለጎን ጆንያዎቹ ላይ አስተኟቸው። ከተመታው ጀሪካን ማሩ እየፈሰሰ ከደሙ ጋር ተደባልቆ ልብሳችን ሁሉ ተጣብቋል። የሁሴን ራስ አዴ ከዲጃ ጭን ላይ ነው። እኔ በሰውየው እግሮች መሃል ተንበርክኬ እጄን እንደተጫንኩ ነኝ። መኪናው በዘለለ ቁጥር ደሙ ያመልጠኛል፤ እንደገና እይዘዋለሁ። ጣቶቼ ከደነዘዙ ቆይቷል።

አቀበቱን ስንጨርስ ሁሴን ዓይኑን ገለጠ። «ሲስተር የት ናት?» አለ።

«አጠገብህ ናት» አሉት አዴ ከዲጃ።

ራሱን ቀስ አድርጎ አዞረ። አየኝ። ከዚያ እጄን አየ፤ ማንን እንደያዝኩም አየ። «እሱን ነው?» አለ።

«አዎ፣ እሱን ነው» አሉት። «ያንተን ደም እጅ አያቆመውም ልጄ። ላንተ የሚደርስልህ ሐኪም ነው። ልንደርስ ነው።»

ራሱን መልሶ ወደ ሰማይ አዞረ። ሳነቴ ሜዳ ላይ ስንወጣ ጉም ወርዶ ነበር፤ ከብርዱ የተነሳ ጥርሱ ይንገጫገጫል። አዴ ከዲጃ የዚያን ሽማግሌ ቡልኮ ከጭነቱ ስበው አለበሱት። ጆሮው ላይ ጎንበስ ብለው ሸሃዳውን፣ የእምነት ምስክርነቱን፣ ቃል በቃል ያስብሉት ጀመር። ከንፈሩ አብሯቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ቆመ።

ያኛው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ያለቅሳል። ውኃ ይለምናል። እኔ እጄን አላነሳሁም፣ አፌንም አልከፈትኩም። አዴ ከዲጃ የሁሴንን ዓይን ከደኑና ሰውየውን፣ «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። እስኪመልስ ደጋግመው ጠየቁት። በመጨረሻ የአባቱን ስም፣ የመንደሩን ስም፣ የሁለቱን ጓደኞቹን ስም ተናገረ።

ጎባ ደረስን። ቡጢዬን ከብሽሽቱ ላይ ያነሳው ሌላ ሰው ነው፤ ራሴ ማላቀቅ አቅቶኝ ነበር። ሰውየው እግሩን አጥቶ ዳነ። ሁሴን ከሰዓት በኋላ ሮቤ ተቀበረ።

ስለ ሁሴን ቁስል በኋላ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። የቆሰለው ጉበቱ ነው፣ እዚያ ጫካ ውስጥ ማንም ምንም አያደርግለትም ነበር ብሎ አስረድቶኛል። አምኜዋለሁ። ለዘሀራ ግን ይህን ማስረዳት ሌላ ነገር ነው።

ለቅሶ ቤት የሄድነው በሦስተኛው ቀን ነው። ዘሀራ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ ፊት ለፊቴ ቆመች። ቀጭን፣ አጭር ሴት ናት። ሁሴን የነገረን ቁጣ በፊቷ ላይ አልነበረም፤ በጣም በዝግታ ነው የተናገረችው።

«ባሌ ሲሞት እጅሽ የት ነበር?»

ነገሩ ከእኛ በፊት ሮቤ ደርሶ ነበር። አዴ ከዲጃ በተሰፋ ከንፈራቸው፣ «ያዘዝኳት እኔ ነኝ፤ እሷን አትጠይቂ» አሏት።

«እንግዲያው ሁለታችሁም ውጡልኝ» አለች። «የገዳዩን ነፍስ ተሸክማችሁ የመጣችሁ፣ እሱ ጋ ሂዱ።»

ወጣን። አንድም ሰው ቁጭ በሉ አላለንም።

ከዚያ በኋላ ሮቤ ውስጥ አዴ ከዲጃ በርጩማቸውን ያስቀመጡበት ደጃፍ ሁሉ ይዘጋ ጀመር። አንድ ቀን ከኋላቸው ውኃ ደፉባቸው። እሳቸው ግን በደም የተበላሸውን ጆንያ ለይተው ጥለው፣ የዳነውን በቆሎ ታጥቦ እንዲሰጣ አድርገው፣ ቡናውንና የተረፈውን ማር ጨምረው በወሩ ወደ ሰሜን አስጫኑት። እኔ አላገዝኳቸውም። መሄድ አቁሜ ነበር።

አርብ ሥራ ቦታ ስንገናኝ አንድ ቀን ተቆጥቼ፣ «ለምን?» አልኳቸው። «ሁሴን እንደ ልጅዎ ነበር። ለምን?»

ፔርሙዛቸውን አስቀመጡ። «ልጅ ሆኜ፣ ያኔ በጦርነቱ፣ አንድ የቆሰለ ምርኮኛ ነበር» አሉኝ። «ውኃ ለምኖኝ ላመጣለት ሄድኩ። ስመለስ ሰው ተሰብስቦ በድንጋይ ጨርሶታል። የወንድሞቻቸውን ሬሳ ያዩ ሰዎች ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ግን ከመሃላቸው አንዱ አጎቴ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ አጎቴ በሰጠኝ እንጀራ ላይ እጄ አልሄድ አለኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ሲስተር። ደግ ስለሆንኩ አይደለም።»

ያን ጊዜ መልሳቸው አላረካኝም። አሁንም ሙሉ በሙሉ አረካኝ አልልም።

ሰውየው በተናገረው ስም ሁለቱ ጓደኞቹ ተያዙ። ሌላም ሰው ገድለው ኖሯል። ሦስቱም ተፈረደባቸው። ባለፈው ዓመት የባለ ገጀራው ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው ጉማ፣ ማለት የደም ካሳና እርቅ፣ እንዲደረግ ለመኑ። የሁሴን ወንድሞች ተቀበሉ። ዘሀራ ግን ሸንጎው ላይ አልቀመጥም አለች።

ያን የሰማሁ ቀን ሥራ ጨርሼ በታክሲ ሮቤ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ በደንብ አላውቅም። ዘሀራ በር ላይ አቆመችኝ። ግቢ አላለችኝም። ሁሴን ጣሪያውን ሳይጨርስ የተወው ቤት ከኋላዋ ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሸራ ሆኖ ይታየኛል።

«ለእርቁ ልትለምኚኝ ከሆነ ተመለሺ» አለችኝ።

«ለእርቅ አይደለም» አልኳት። «አንድ ነገር አልነገርኩሽም።»

ከዚያ ነገርኳት። ሳልቀንስ፣ ሳልጨምር። «እህቴ» እንዳለኝ፣ ጫማዬን ቁስሉ ላይ እንዳሳረፍኩ፣ ክብደቴን ጥዬ እንዳዞርኩት፣ ሲጮህ ደስ እንዳለኝ። ነርስ ሆኜ ይህን ማድረጌንም ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄአለሁ።

ዘሀራ የበሩን መቃን ይዛ ቁልቁል ተንሸራታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ፣ «ስለዚህ የተቆጣለት ሰው ነበረ» አለች።

«ምን?»

«ሁሉም ሰው ስለዚያች ሴት ትዕግሥት ነው የሚነግረኝ። ስለ ምሕረት፣ ስለ ሲንቄ፣ ስለ ሽማግሌ። በመስጊድም፣ በገበያም። እዚያ ጫካ ውስጥ ለሁሴን ያበደለት አንድ ሰው እንኳን አልነበረም ብዬ ነው ይህን ሁሉ ዓመት ያልተኛሁት።» እጄን ያዘችኝ። «ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ?»

ተላቀስን። ጮክ ብለን፣ እንደ ለቅሶ ቤት። ጎረቤቶች አዲስ መርዶ የመጣ መስሏቸው ወጡ። ከዚያ አስገባችኝ፤ ምሳ አቀረበችልኝ፤ ሁለቱ ልጆች አጠገቤ ተቀመጡ። ትልቋ የአባቷን የመጨረሻ ሰዓት ጠየቀችኝ። ቡልኮ ለብሶ፣ ሸሃዳውን ይዞ እንደሄደ ነገርኳት። ያም እውነት ነው።

ዘሀራ እርቁ ላይ አልተቀመጠችም። አዴ ከዲጃንም እስከ ዛሬ ሰላም አትላቸውም። እሳቸውም አያስገድዷትም።

ዘንድሮ ግን በድርቅ ከቆላ ለተፈናቀሉ ሰዎች ልብስ ስንሰበስብ ወደ ቤቴ መጣች። እኔ ወደ እርዳታው ሥራ ከተመለስኩ ወራት ሆኖኝ ነበር። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። የሁሴን ጃኬት ነው። ታጥቧል፤ የላላው ቁልፍ እንደገና ተሰፍቷል።

«ለአሮጊቷ ማን እንደሰጠሽ እንዳትነግሪያት» አለችኝ።

አልነገርኳቸውም። አዴ ከዲጃ ልብሱን ሲለዩ ጃኬቱን አንስተው ዘርግተው አዩት። በዚያ መንገድ ሁለት ቀን ሙሉ ያዩት ጃኬት ነው። ጉልበታቸው ላይ አድርገው እጅጌውን በመዳፋቸው አስተካከሉ። ከማን እንደመጣ አልጠየቁኝም። በጥንቃቄ አጥፈው ከሚላከው ክምር ላይ አስቀመጡና ወደሚቀጥለው ልብስ እጃቸውን ዘረጉ።

ስለዚያ ቀን ዛሬ ምን እንደሚሰማኝ ብጠየቅ የማፍርበትና የማላፍርበት ተቀላቅሎብኛል። በዚያ ሰው ላይ ባደረግኩት አፍራለሁ፤ ሙያዬን ረግጫለሁ። ሆኖም ያ ነውሬ ነው ለአንዲት ባሏን ላጣች ሴት እንቅልፍ የሰጣት። አዴ ከዲጃ ትክክል ነበሩ ወይ ለሚለኝ፣ አዎ እላለሁ። ዘሀራስ ለሚለኝም አዎ እላለሁ። አንዷን ለማስደሰት ብዬ ሌላዋን አልክድም። ከሁለቱም ጋር ምግብ የምበላ ሰው በመሆኔ ብቻ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ።